ወደ ጎንደር ለጥምቀት፣ በሰባት ኪሎ የእጅ ሻንጣ ብቻ

መንገደኛው — ኅዳር 24

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው በጀርመን አገር፣ በሽቱትጋርት ነው። ጥር 2 ቀን ከፍራንክፈርት ተነሥቼ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ በማግስቱ ወደ ጎንደር እሄድና ጥምቀትን ከእናቴ ጋር አክብሬ ጥር 14 ቀን ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ልጠይቃችሁ የፈለግሁት ለጭነት ክፍል አንድም ዕቃ ሳላስረክብ፣ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይህን የዐሥራ ሁለት ቀን ጉዞ ሄዶ መመለስ ይቻል እንደሆነ ነው።

እዚህ ሐሳብ ላይ ያደረሰኝ የዛሬ ሁለት ዓመት የገጠመኝ ነገር ነው። አዲስ አበባ ለተደረገው የወንድሜ ሠርግ ስሄድ በሦስተኛ አገር አውሮፕላን የሚያስለውጥ በረራ ይዤ ነበር፤ እኔ ደረስኩ፣ ሻንጣዬ ቀረ። የሠርጉ ልብስ፣ ለእናቴ የገዛሁት የደም ግፊት መለኪያ፣ ሌላው ቀርቶ እኔ በየቀኑ የምወስደው መድኃኒት እንኳ እዚያው ውስጥ ነበር። ሻንጣው የመጣው በስድስተኛው ቀን፣ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። በተዋስኩት ኮት መቆሜ ብዙም አላስከፋኝም፤ እስካሁን የሚቆጨኝ ከእናቴ ጋር ልቀመጥባቸው ከመጣሁባቸው ጥቂት ቀናት ሦስቱን ከቤት ወደ አየር ማረፊያ ስመላለስ ማጥፋቴ ነው።

የአሁኑ ቲኬቴ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅድልኝ ክብደቱ ከ7 ኪሎ፣ መጠኑ ከ55 በ40 በ23 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ አንድ የእጅ ሻንጣ ነው። ትናንት ማታ ባለ ጎማውን የእጅ ሻንጣዬን ባዶውን ብመዝነው 3 ኪሎ ከ200 ግራም ሆነ። ላፕቶፔ ከነቻርጀሩ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ ለልብስ፣ ለጫማ፣ ለመድኃኒትና ለሌላው ሁሉ የቀረኝ 2 ኪሎ ብቻ መሆኑ ነው። ልምዱ ያላችሁ ሰዎች እንዴት እንደምትወጡት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ቀሊል ጓዝ — ኅዳር 24

ወንድሜ፣ መልሱ ያለው እርስዎ ራስዎ በመዘኑት ቁጥር ውስጥ ነው። ከ7 ኪሎው ውስጥ 3 ኪሎ ከ200 ግራሙን የሚወስደው ዕቃዎ ሳይሆን የዕቃዎ መያዣ ነው። ጎማው፣ የብረት እጀታውና ጠንካራው ሽፋን ክብደት አላቸው፤ በአየር ማረፊያው ልስልስ ወለል ላይ ለሚገኘው ጥቂት ምቾት ከተፈቀደልዎ ክብደት ግማሹን ሊወስዱ ትንሽ ነው የቀራቸው። እኔ ለሥራ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ አክራና ወደ ዳካር በምመላለስባቸው ዓመታት ባለ ጎማውን ትቼ ወደ 40 ሊትር የሚይዝ፣ ባዶው 950 ግራም የሚመዝን የጀርባ ቦርሳ ይዣለሁ። በዚህ ለውጥ ብቻ ከሁለት ኪሎ በላይ ተረፈኝ። ሌላው ብልሃት ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ልብስ ተጠቅልሎ ይግባ ወይስ ታጥፎ በሚለው ላይ ሲከራከር፣ አየር የሚመጥጡ ከረጢቶችን ሲገዛ፣ የሚያሸንፈው ቦታን እንጂ ክብደትን አይደለም። በክብደት ሳይሆን በመጠን ብቻ በሚለኩ አየር መንገዶች ለሚሄድ ሰው ያ ከረጢት ይጠቅመው ይሆናል፤ 7 ኪሎ ለተባለ ሰው ግን ቦርሳው ገና ሳይሞላ ሚዛኑ ስለሚሞላ፣ ከረጢቱ ተጨማሪ ዕቃ እንዲከት ያበረታታውና ያስጠይቀዋል። ስለዚህ ከማንኛውም ዕቃ በፊት አንዲት ትንሽ የኩሽና ሚዛን ይኑርዎት፤ እያንዳንዱን ነገር በግራም መዝነው በወረቀት ላይ ይጻፉት።

እኔ የምይዘውን ልንገርዎ። ሦስት ስስ ሸሚዞች 600 ግራም፣ አንድ ተለዋጭ ሱሪ 350፣ አምስት የውስጥ ልብሶች 300፣ አራት ጥንድ ካልሲ 200፣ የሌሊት ልብስ 300፣ ሰንደል ጫማ 350፣ ሳሙናና የመታጠቢያ ዕቃ 400፣ መድኃኒት 200። ቦርሳውና የእርስዎ ላፕቶፕ ሲታከሉበት 5 ኪሎ ተኩል አይሞላም። ጂንስ ሱሪ አልይዝም፤ አንዱ ብቻ ወደ 700 ግራም ይደርሳል፣ ከታጠበም ቶሎ አይደርቅም። ከባዱን ጫማና ጃኬቱን ለብሶ መሳፈር ነው። በጥር ወር አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ጃኬቱ በከንቱ የተሸከሙት ዕቃ አይሆንም።

ዐሥራ ሁለት ቀን በሦስት ሸሚዝ የሚቻለው ልብስ ስለሚታጠብ ነው። በበጋ ማታ ታጥቦ ገመድ ላይ የዋለ ስስ ሸሚዝ በማግስቱ ከሰዓት ሳይደርስ ይደርቃል፤ አየሩ ደረቅ ነውና። በሐምሌና በነሐሴ የሚሄድ ሰው ግን ይህን ምክሬን እንዳለ አይውሰድ፤ በክረምት የታጠበ ካልሲ ሦስት ቀን ሙሉ እርጥብ ሆኖ ሲቀመጥ አይቻለሁና ሁለት ሦስት ቅያሪ መጨመር አለበት።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ — ኅዳር 25

ልጄ፣ ጋሽ ቀሊል ጓዝ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከእናትህ ጋር ልትቀመጥ እየሄድክ፣ ሦስት ቀን በመቅረቱ እስካሁን እየተቆጨህ፣ 1 ኪሎ ከ800 ግራም የሚመዝን ላፕቶፕ ለምንድን ነው የምትይዘው? ፈቃድ ላይ ከሆንክ ቤትህ አስቀምጠው። ለክብደቱ ብዬ ብቻ አይደለም የምልህ።

ሁለተኛው ነገር የመልሱ መንገድ ነው። መሄዱማ ቀላል ነው፤ ቦርሳው የሚፈተነው ስትመለስ ነው። እናትህ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ሳታሲዝ አትሸኝህም። እኔ የምኖረው አሜሪካን አገር ስለሆነ የእኛን ደንብ ልንገርህ፤ ሌላውም አንባቢ ይጠቀምበታል። ከውጭ አገር ወደ አሜሪካ በሚገባ በረራ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከጁን 30 ቀን 2018 ጀምሮ፣ በእጅ ሻንጣ የተያዘ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት ተጨማሪ ምርመራ ይደረግበታል፤ ፈታሾቹ ምንነቱን ማረጋገጥ ካልቻሉ ወደ አውሮፕላኑ ክፍል አይገባም። 350 ሚሊ ሊትር ማለት ከአንድ የለስላሳ ቆርቆሮ መጠን ብዙም አይለይም። የሕፃናት ዱቄት ወተትና መድኃኒት ከዚህ ውጭ ናቸው፤ በርበሬና ሽሮ ግን ዱቄት ናቸው።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከተሳፋሪዎች መካከል ቆሜ፣ እኅቴ በገዛ እጇ የደለዘችው፣ ያሰጣችውና ያስፈጨችው ሁለት ኪሎ በርበሬ ከቦርሳዬ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀር ነው። ፈታሿ ልጅ ቅር እያላት ነበር የወሰደችው፤ ጥፋቱ የእርሷ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በርበሬና ሽሮ ካለኝ ለጭነት ክፍል አስረክባለሁ፤ የለም በእጄ ብቻ ነው የምመለሰው ካልኩ ደግሞ ቡናና ድርቆሽ እይዛለሁ።

ባለ ሁለት ሻንጣ — ኅዳር 25

የሁላችሁንም ምክር በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ይሁን እንጂ በመነሻው ሐሳብ አልስማማም። ወደ አገር ቤት በሚደረግ ጉዞ ብዙ ጊዜ ቲኬቱ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችን ያካትታል፤ ያ 46 ኪሎ በገንዘባችን የተከፈለበት ነው። ከውጭ አገር ተነሥቶ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ ለራሱ ሸሚዝና ካልሲ ብቻ መያዙ ለእኔ አይዋጥልኝም።

አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ በየጊዜው ከገበያ ይጠፋል፤ የእኔና የወንድሞቼ ሻንጣ ነው እያደረሰላቸው ያለው። የእኅቴ ልጆች ጫማ፣ የጎረቤታችን የዓይን መነጽር፣ የደብራችን ዲያቆን የጠየቁን ማይክሮፎን ሁሉም የሚሄደው በሰው እጅ ነው። ሰባት ኪሎ ይዞ መሄድ ለጎብኚ ያምርበታል። የሚጠብቀው ወገን ያለው ሰው ግን በባዶ እጁ በር ሲያንኳኳ ምን እንደሚሰማው እኔ አውቀዋለሁ፤ በተማሪነቴ ገንዘብ አጥሮኝ አንድ ጊዜ እንዲያ ሄጃለሁ። ማንም ምንም አላለኝም፤ እኔ ግን ቀና ብዬ አልተቀመጥኩም።

መንገደኛው — ኅዳር 26

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማ፣ የላፕቶፑን ነገር ካነበብኩ በኋላ ለአለቃዬ ጽፌ በፈቃዴ ጊዜ እንደማልሠራ አሳውቄአለሁ፤ ላፕቶፑ ይቀራል።

የዱቄቱ ደንብ በእኔ መንገድ ላይ የለም፤ ወደ ጀርመን የሚመለስ ሰው በርበሬና ሽሮ በእጁ መያዝ ይችላል። በእኛ በኩል ያለው ክልከላ ሌላ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ቅቤውም ቋንጣውም፣ በእጅም ይሁን በጭነት፣ አይገቡም። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን በፍተሻው ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር በእጅ ሻንጣ ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም። ይህን ለእናቴ በስልክ ማስረዳት ከበድ ብሎኝ ነበር፤ ቅቤውን ከኅዳር ጀምራ እያነጠረች ነው የቆየችኝ።

ባለ ሁለት ሻንጣ፣ የጻፉት ነገር ልቤን ነክቶታል። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን እዚያው ታገኛለች፤ የእኅቴ ልጆች ግን ይጠብቁኛል። እንግዲህ የቱን ላድርግ?

ከመስኮቱ ማዶ — ኅዳር 26

በአንድ አየር መንገድ የመንገደኞች መቀበያ መስኮት ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ሥራዬ ሌላ ነው። ከሁለቱ ወገን የትኛው ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ ሳይሆን፣ ሥራው ከውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ብናገር ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሻንጣ ከባለቤቱ የሚለየው ብዙውን ጊዜ አውሮፕላን በሚለወጥበት ከተማ ነው። የመጀመሪያው በረራ አርባ ደቂቃ ሲዘገይ ሰው ሮጦ ይደርሳል፤ ሻንጣው ግን ወርዶ፣ ተለይቶ፣ ታይቶና ተጓጉዞ እስኪጫን ጊዜ ይፈልጋል። ሲታ የተባለው የአቪዬሽን ቴክኖሎጂ ድርጅት በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2022 ከአንድ ሺህ መንገደኛ 7.6 ሻንጣ ዘግይቷል፣ ጠፍቷል ወይም ተጎድቷል። ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በቀጥታ የሚሄድ ሰው ይህ አደጋ በእጅጉ ይቀንስለታል። ስለዚህ ጠያቂያችን በዚህ ጉዞ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የደረሰበትን ያህል መፍራት የለባቸውም።

የእኔ ልማድ ይህ ነው። ለጭነት ክፍል የማስረክበው፣ ቢዘገይ ወይም ከነጭራሹ ቢቀር ጉዞዬን የማያበላሽብኝን ብቻ ነው። መድኃኒት፣ ሰነድ፣ ቁልፍ፣ መነጽር፣ ለበዓሉ ቀን የሚለበሰው ልብስና የሦስት ቀን ቅያሪ ከእጄ አይለዩም። የስኳር በሽታ መርፌ መድኃኒት የሚያደርሱ ሰዎች ደግሞ በእጅ መያዛቸው ግዴታ ነው፤ ኢንሱሊን በጭነት ክፍል ውስጥ ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ አገልግሎቱን ያጣል። ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት አብሮ ይኑር። በዚህ መንገድ ባለ ሁለት ሻንጣ እንዳሉት የልጆቹን ጫማና ስጦታውን በአንድ ሻንጣ አስጭኖ፣ የራስን ነገር በሙሉ በ7 ኪሎው ውስጥ ይዞ መሄድ ይቻላል። ስጦታው ሁለት ቀን ቢዘገይ ልጆቹ ይጠብቃሉ።

ስለ ጎንደሩ በረራ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚበርረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አውሮፕላን ነው፤ ከመቀመጫው በላይ ያለው የዕቃ ሣጥን ትንሽ ስለሆነ ባለ ጎማ የእጅ ሻንጣ አይገባበትም። ሠራተኞቹ ከአውሮፕላኑ ሥር ወረቀት አስረው ይወስዱትና ስትወርዱ ይሰጧችኋል። ይህ ምንም ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ሻንጣው ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት ፓወር ባንኩን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት። እንደ ፓወር ባንክ ያለ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በጭነት ክፍል እንዳይገባ የተከለከለው፣ ጢስ ቢጀምረው በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ሰው አይቶ ሊያጠፋው ስለሚችል ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ ጊምሄ አየር ማረፊያ አንድ የኤር ቡሳን አውሮፕላን ሊነሣ ሲል በእሳት ተያይዞ 176ቱም ሰዎች በሕይወት ወጥተዋል፤ የአገሩ መርማሪዎች መነሻው በላይኛው ሣጥን ውስጥ የነበረ ፓወር ባንክ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጸዋል። በረራዎች በአጠቃላይ እስከ 100 ዋት-ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው ኃይል የሚለካበት ነው) ያለውን ፓወር ባንክ ያለ ልዩ ፈቃድ ይቀበላሉ፤ 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከወሰኑ በታች ነው። ጽሑፉ የተፋቀበት ከሆነ ግን ቤት ይቅር፤ ፈታሹ ማንበብ ያልቻለውን ላያሳልፈው ይችላል።

ሻንጣ የቀረበት ሰው ደግሞ ከአየር ማረፊያው ሳይወጣ በዚያው በጓዝ ክፍል ማስመዝገብና ቁጥር መቀበል አለበት። ኢትዮጵያም የተቀበለችው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት የዘገየ ሻንጣ ከተረከቡ በኋላ በ21 ቀናት፣ የተጎዳ ከሆነ በ7 ቀናት ውስጥ አቤቱታው በጽሑፍ እንዲቀርብ ይጠይቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተገዛው የሳሙናና የሸሚዝ ደረሰኝ ሳይጣል ይቀመጥ።

አደራ ጠባቂ — ኅዳር 27

ከለንደን ነው የምጽፈው። ስለ ግራምና ስለ ሣጥን ብዙ ተብሏል፤ የእኛን ሻንጣ የሚያከብደው ግን ከሁሉ በላይ ይሉኝታ ነው፤ ስለ እርሱ ግን እምብዛም አልተነገረም። አንድ ሰው ሊሄድ ነው ሲባል ስልኩ ይጮኻል፤ “ትንሽ ዕቃ ናት፣ አትከብድም” ይባላል። አትከብድም የተባለችው ዕቃ ሁለት ኪሎ ናት፤ አምስት ሰው ሲያመጣት ዐሥር ኪሎ ትሆናለች። ዕቃዋ በአደራ የተያዘች ስለሆነች ደግሞ ሲያስፈልግ የሚጣለው የራስ ልብስ እንጂ እርሷ አይደለችም።

ይህ የክብደት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። የደረቀ ጫት እንደ ሻይ ቅጠል ታሽጎ ይላካል። ጫት በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጁን 2014 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ በአሜሪካና በጀርመንም ሕገ ወጥ ነው። የማውቃት አንዲት ሴት ታሽጎ የተሰጣትን ጥቅል ሳትከፍት ይዛ በመምጣቷ ሌሊቱን ሙሉ ስትመረመር አድራለች፤ የሰጣት ሰው ለስልኳ መልስ አልሰጠም። በመቀበያው መስኮት ላይ “ሻንጣዎን ያዘጋጁት ራስዎ ነዎት? ሌላ ሰው የሰጠዎት ነገር አለ?” ተብሎ ሲጠየቅ የምንሰጠው መልስ በእኛ ስም የሚመዘገብ ቃል ነው።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ለሰው እለያለሁ፤ መጀመሪያ ለጠየቀኝ እሰጠዋለሁ፤ ዕቃውንም ሰጪው ፊት ለፊቴ ባለበት ከፍቼ አያለሁ። ለቀሩት “የያዝኩት የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፣ ሰባት ኪሎው ሞልቷል” እላለሁ። ይህን የምለው እውነት ሲሆን ብቻ ነው፤ እውነት ስለሆነም አፌን አይዘኝም። በመጀመሪያው ዓመት የተቀየሙኝ ነበሩ፤ በሁለተኛው ዓመት ግን እነርሱም ልማዴን አውቀው አልጠየቁኝም።

ቀሊል ጓዝ — ኅዳር 28

አደራ ጠባቂ ያነሣችው ነገር እኔ በመጀመሪያው ጽሑፌ ልጽፈው የሚገባኝ ነበር። የሥራ ጉዞ ላይ አደራ የሚሰጥ ሰው ስለማይበዛ ዘነጋሁት።

ስለ ፈሳሽ አንድ ቃል ልጨምር። የ100 ሚሊ ሊትሩ ደንብ የመጣው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ለንደን ላይ ፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላን ውስጥ ለማስገባት የተዶለተ ሴራ ከተደረሰበት በኋላ ነው። አሁን በአንዳንድ የአውሮፓ አየር ማረፊያዎች አዳዲስ መፈተሻ መሣሪያዎች በመተከላቸው ደንቡ እየላላ ነው፤ ይሁን እንጂ በመሄጃው የላላው በመመለሻው ላይ ሊጠብቅ ስለሚችል፣ በሁሉም ቦታ ጠባቡን ደንብ እንደያዙ መሄድ ይሻላል። ሳሙናው ደረቅ ይሁን፣ ሻምፖው ቤት ይቅር፤ ጎንደርም ሻምፖ ይሸጣል። በቦሌ ተርሚናሉ በር ላይ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ወደ መሳፈሪያው ሲያልፉ እንደገና ስለሚፈተሹ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ቀበቶ ያድርጉ።

መንገደኛው — ጥር 17

ከተመለስኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ምክራችሁን ተቀብዬ ሄጄ ስመጣ እንዴት እንደሆነ ሳልነግራችሁ ብቀር ውለታ በላ እሆናለሁ።

ባለ ጎማውን ትቼ 1 ኪሎ የሚመዝን የጀርባ ቦርሳ ገዛሁ። ልብሱን ጋሽ ቀሊል ጓዝ በጻፉት ልክ አደረግሁት፤ በዚያ ላይ ለጥምቀት የምለብሰውን ነጭ ሱሪና ሸሚዝ ከነነጠላው፣ መድኃኒቴንና አዲስ የደም ግፊት መለኪያ ጨመርኩ። ፍራንክፈርት ላይ በእርግጥም ሚዛን ላይ አስቀምጠው አሉኝ፤ 5 ኪሎ ከ400 ሆነ። ከዚያ ውጭ በባለ ሁለት ሻንጣ ምክር የልጆቹን ጫማና መጻሕፍት የያዘ 18 ኪሎ አሮጌ ሻንጣ አስጫንኩ። ቦሌ ላይ የሻንጣ ማውጫው አጠገብ አርባ ደቂቃ ያህል ቆሜ ጠብቄዋለሁ፤ ልቤ ግን እንደዚያን ጊዜው አልተጨነቀም፤ ባይመጣ እንኳ ወደ እናቴ ለመሄድ የሚያግደኝ አንድም ነገር አልነበረም። መጣ፤ ሻንጣውንም እዚያው ለእኅቴ ትቼላት ተመለስኩ።

ወደ ጎንደር ስሳፈር ከፊቴ የነበሩት መንገደኞች ሁሉ ባለ ጎማ ሻንጣቸውን ከአውሮፕላኑ ሥር አስረከቡ፤ የእኔ ቦርሳ ከፊት ለፊቴ ካለው ወንበር ሥር ገባ። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። ሸሚዞቼን ሦስት ጊዜ አጠብኩ፤ ይልቁንም እናቴ ከእጄ እየነጠቀች አጠበችልኝ። ጋሼ እንዳሉትም በማግስቱ ከሰዓት ሳይደርስ ይደርቁ ነበር።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ — ጥር 17

እሰይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የመልሱ ቦርሳ እንዴት ሆነ? ቅቤውንስ ምን አደረገችው?

መንገደኛው — ጥር 18

እማማ፣ የመልሱ ነገር እንዲህ ነበር። መለኪያው እዚያው ቀረ፤ ሁለት ሸሚዝ፣ ተለዋጭ ሱሪውንና ሰንደሉን ለወንድሜ ሰጠሁት። ባዶ በሆነው ቦታ አንድ ኪሎ ተኩል በርበሬ፣ አንድ ኪሎ ሽሮና ግማሽ ኪሎ ድርቆሽ ገባ። ሁሉንም በየከረጢቱ አድርጋ፣ በላያቸው ላይ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ያስጻፈችው ታናሿ እኅቴ ናት። ጋቢው 1 ኪሎ ከ600 ግራም ስለሚመዝን ቦርሳው ውስጥ ሊገባ አልቻለም፤ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ተሳፈርኩ፣ ሌሊቱንም እርሱን ተከናንቤ ተኛሁ።

ስለ ቅቤው በስልክ የነገርኳትን አላመነችኝም ነበር። ጎንደር ስደርስ የኅብረቱን ደንብ ተርጉሜ አነበብኩላት፤ ዝም ብላ ሰማችኝና ማሰሮውን ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የቀረበልኝ ወጥ ሁሉ የተሠራው በዚያ ቅቤ ነው። የመመለሻዬ ዋዜማ ቦርሳውን ስሸክፍ የጎረቤታችንን የእህል ሚዛን ተውሳ አመጣች፤ 6 ኪሎ ከ700 መሆኑን አይታ፣ ለቀረው 300 ግራም የተቆላ ቡና መዝና ከተተችበት።